ሐበሽ የሚባለው ወፍ

በደማስቆ ወይም በቤይሩት ሥጋ ቤት ገብቶ «ሐበሽ አላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለ እኛ አገር መጠየቁ አይደለም። የሚፈልገው ወፍ ነው፤ ያውም ትልቁን፣ ጭራውን ዘርግቶ የሚንጎራደደውን፣ ከአንገቱ ቀይ ሥጋ የተንጠለጠለውን፣ እኛ ከእንግሊዝኛ ወስደን «ተርኪ» የምንለውን። የሶርያ፣ የሊባኖስና የፍልስጥኤም አረብኛ ይህንን ወፍ «ዲክ ሐበሽ» ይለዋል፤ የሐበሻ አውራ ዶሮ ማለት ነው። ወፉ ግን የሐበሻ አይደለም። ከወልድያ በሲሪንቃ አድርጎ እስከ መርሳ፣ ከዚያም እስከ ውርጌሳ ድረስ ባለው የሀብሩ ምድር፣ ዶሮ የሌለበት ግቢ ማግኘት ይቸግራል፤ ተርኪ ያለበት ግቢ ግን ዛሬም ብርቅ ነው። ታዲያ የእኛ ስም በማናውቀው ወፍ ላይ እንዴት ወጣ?

ተርኪ የሜክሲኮ ወፍ ነው። አዝቴኮችና ከእነሱ በፊት የነበሩ ሕዝቦች ያላመዱት ሲሆን፣ አውራው በናዋትል ቋንቋ የነበረው ስም በሜክሲኮ ስፓኒሽ «ዋሆሎቴ» ሆኖ እስከ ዛሬ ይነገራል። ስፓኒሾች በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ አውሮፓ ካመጡት በኋላ ግን ትክክለኛ አገሩን በስሙ ያኖረለት አልተገኘም ማለት ይቻላል። እንግሊዞች «የቱርክ» አሉት። ቱርኮች ራሳቸው «ሂንዲ» ይሉታል፣ የህንድ ማለታቸው ነው። ፈረንሳዮችም «የህንድ ዶሮ» ብለው ጀምረው በአንድ ቃል «ዳንድ» አሉት። ሆላንዶች የህንዷን የካሊከት ወደብ ስም ሰጡት። ግብፆች «ዲክ ሩሚ»፣ የሮም አውራ ዶሮ፣ ይሉታል። ፖርቱጋሎች «ፔሩ»፣ ማላዮች ደግሞ «የሆላንድ ዶሮ» ይሉታል። ህንድ ራሷ ወፉን ያገኘችው ከውጭ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1612 ከፖርቱጋሎች ወደብ ከጎዋ ለሞጉሉ ንጉሥ ለጃሃንጊር በመጣ ጊዜ እንግዳነቱ ስላስደነቀው ንጉሡ ሠዓሊውን ኡስታድ መንሱርን እንዲሥለው አዘዘ። ያው ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1621 ሌላ እንግዳ እንስሳ ሣለ፤ በቱርኮች እጅ ወደ ጃሃንጊር የደረሰ የሜዳ አህያ። ይህኛው በእርግጥም ከሐበሻ የሄደ ነበር።

እነዚህን ስሞች ጎን ለጎን ስናያቸው አንድም የወፉን ጎጆ የሚነግረን የለም። የሚነግሩን የሻጩን ወይም ያመጣውን ሰው እጅ ነው። መርከቡ ከየት መጣ፣ ነጋዴው ምን ቋንቋ ተናገረ፣ ወደቡ የማን ነበር፤ ስሙ ያንን ይመዘግባል። ስለዚህ «ሐበሽ»ም በዘፈቀደ አልመጣም፤ ከኋላው እጅ አለ፣ ያ እጅ ደግሞ የያዘው ሌላ ወፍ ነበር።

ያ ወፍ ዥግራ ነው። ከተርኪ በፊት በሜዲትራንያን ዙሪያ የታወቀው ትልቅ ባለ ነጠብጣብ ወፍ የአፍሪካው ዥግራ ነበር። በአረብኛ የዥግራ አንዱ ስም «ደጃጅ ሐበሺ»፣ የሐበሻ ዶሮ፣ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ዥግራ የእኛ ነው፣ በሀብሩ ቆላ ቁጥቋጦ ውስጥ ዛሬም በመንጋ ይሮጣል። እንግሊዞችም ዥግራን ነበር በቱርክ ነጋዴዎች በኩል ስላገኙት መጀመሪያ «የቱርክ ዶሮ» ያሉት፤ የሜክሲኮው ወፍ ሲመጣ ሁለቱን ቀላቀሏቸው፣ ስሙም ወደ አዲሱ ተሻገረና እዚያው ቀረ። የሶርያው «ሐበሽ»ም በዚያው መንገድ ከዥግራ ወደ ተርኪ ተሻግሯል ብዬ አምናለሁ፤ ሁለቱን ወፎች የሚያገናኝ ሌላ መንገድ አይታየኝም። ሊኒየስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1758 ለሁለቱ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ ከዚህ መደባለቅ አላመለጠም። ግሪኮች ዥግራን «ሜሌአግሪስ» ይሉት ነበር፤ ሊኒየስ ይህን ስም ለተርኪ ወገን ሰጠው፣ ለዥግራውም ያንኑ ቃል ሁለተኛ ስም አድርጎ አስቀረለት። ስለዚህ የሜክሲኮው ወፍ በሳይንስም በሶርያ ገበያም የሚጠራው በዥግራ ስም ነው።

ዥግራ የሚለው ቃል ራሱ ጥሩ ዕድሜ አለው። በትግርኛ «ዛግራ» ይባላል። በአማርኛ ዝግራ፣ ዥግራ፣ ጅግራ እየተባለ ይሰማል፤ «ዘ» ወደ «ዠ»፣ «ዠ» ደግሞ ወደ «ጀ» እየተለወጠ የሄደበትን መንገድ በአንድ ቃል ላይ ደረጃ በደረጃ ማየት ይቻላል። ከሁሉ የሚያስደስተኝ ግን ቃሉ ከጫካ ወጥቶ ወደ ዶሮ ቤት መግባቱ ነው። ጥቁር ላባ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያላትን ዶሮ ገበሬው «ዝግርማ» ወይም «ዥግርማ» ይላታል። ዥጉርጉር የምንለው ቃልም ከዚያው ወገን ይመስለኛል፤ ዠ፣ ገ፣ ረ የሚሉትን ሦስት ተነባቢዎች ይዞ የኋለኞቹን ሁለቱን ይደጋግማል፣ ትርጉሙም ያው ነጠብጣብ ነው።

የዶሮ መልክ ስሞች ለብቻቸው መጽሐፍ ይወጣቸዋል። የወሎ ገበሬ ዶሮውን ሲገልጽ «ቀይ»፣ «ነጭ»፣ «ጥቁር» ብሎ አያቆምም። «ገብስማ» አለ፤ ጥቁርና ነጩ ተቀላቅሎ ግራጫ የመሰለ፣ የገብስ መልክ ያለው። «ዛጎልማ» አለ፤ ዛጎል ጥንት ከባሕር ዳር መጥቶ ለጌጥ ያገለገለ ዕቃ ነው፤ ባሕር አይተው የማያውቁ ደገኞች ባሕሩን በዶሮ ላባ ላይ ጻፉት። «ኮክማ» አለ፤ ከኮክ ፍሬ፣ ከዚያ ቀይና ቢጫው ከተዋሐደበት ልጣጭ። ኮክ የሚለው ስም ደግሞ ከአረብኛው «ኾኽ» ጋር ዘመድ ነው። «ልበ ወርቅ» አለ፤ ይህን ስም ላወጣ ሰው አድናቆቴ ከፍ ያለ ነው። በእነዚህ ስሞች መጨረሻ ላይ የምትመጣዋ «ማ» ፍሬያማና ውሃማ በሚሉት ውስጥ የምናገኛት ናት፤ ያ ነገር አለበት፣ ያንን ይመስላል ትላለች። አንዲት ትንሽ ቅጥያ እህሉን፣ ፍሬውን፣ ጫካውንና ባሕሩን ሰብስባ በአንድ ቆጥ ላይ አሰፈረቻቸው።

ተመራማሪዎች እነዚህን የመልክ ስሞች በጥናታቸው ውስጥ በላቲን ፊደል ሲጽፏቸው አያለሁ። ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ ይገባኛል፤ ለገብስማ ትክክለኛ አቻ በሌላ ቋንቋ የለም። ቢሆንም ቃላቱ በራሳቸው ፊደል፣ ከነፍቺያቸው፣ በሰሜን ወሎ ገበያ እንደሚነገሩት ተሰብስበው ቢቀመጡ እወድ ነበር። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ እዚያው አለ፤ መርሳ ላይም የግብርና ኮሌጅ አለ። የዶሮውን ክብደት የሚመዝኑ ተማሪዎች ስሙንም ቢጽፉት ሥራው ብዙ አይጨምርባቸውም። ለምሳሌ ገዢዎች አውራ ዶሮን «ነጠላ» ወይም «ድርብ» የሚሉት በራሱ ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ አይተው ነው፤ ዋጋም በዚያ ይለያል። እንዲህ ያለ ቃል የገበያ ሚዛን ስለሆነ ሲጠፋ የሚጠፋው ስም ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ዶሮ እንመለስ። ዶሮ ራሷ እንግዳ ናት። የዱር ዘመዶቿ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ውስጥ ይኖራሉ፤ አፍሪካ ውስጥ የዱር ዶሮ የለም። ትግራይ ውስጥ ሜዝበር በሚባል የቅድመ አክሱም መንደር በቁፋሮ የተገኘ የዶሮ አጥንት ዕድሜው በቀጥታ ተለክቶ ከ2,600 ዓመት በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ በአፍሪካ ከተገኙት የዶሮ ማስረጃዎች እጅግ ከቆዩት አንዱ ነው። እንግዲህ ዶሮ በእኛ ምድር ያን ያህል ዘመን ኖራለች። ግዕዝ «ዶርሆ» አላት፣ ትግርኛ «ደርሆ»፣ አማርኛ «ዶሮ»፣ ሶማልኛም «ዶሮ»። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን መዋጥ የቆየ ጠባዩ ነው፤ ሰምዐን ሰማ፣ ጸሐፈን ጻፈ እንዳለ ሁሉ ዶርሆንም ዶሮ አላት። በስሟ ውስጥ የህንድም የፋርስም የመርከበኛም ምልክት የለም። ቀይ ባሕር ማዶ ያሉት አረቦች «ደጃጅ» ሲሉ በዚህኛው ዳር ያሉት ሴማውያንና አንዳንድ ኩሻውያን በአንድ ቃል ተስማምተዋል። የእንቁላልም ነገር እንዲሁ ነው፤ የግዕዙ «አንቆቅሖ»፣ የትግርኛው «እንቋቝሖ» እና የኦሮምኛው «ሀንቃቁ» ሲሰሙ ዝምድናቸው ይታወቃል።

ሰው እንግዳን በአገሩ ይጠራዋል፤ ቤተኛ ሲሆን ግን ያ ቅጽል ይወልቃል። እኛም ከእንግሊዝና ከሶርያ ሰው በዚህ አንለይም። በቆሎ ከአሜሪካ ሲመጣ የወሎ ሰው «የባሕር ማሽላ» አለው፤ ማሽላን ጥንትም ያውቃልና አዲሱ እህል በባሕር የመጣ ማሽላ ሆነ። ባሕር ዛፍም ያንኑ ስም እንደተሸከመ ነው። ከዚያ «የፈረንጅ» የሚለው ቅጽል መጣ፤ ፈረንጅ ራሱ ፍራንክ ከተባለው የአውሮፓ ሕዝብ ስም በአረብኛ «ኢፍረንጅ» በኩል የደረሰን ነው። የፈረንጅ ላም፣ የፈረንጅ ዶሮ። ይህ ሲባል አንድ ሌላ ነገር ሆነ፤ 2,600 ዓመት ያለ ቅጽል የኖረችው ዶሮ ለመለያ «ያበሻ ዶሮ» ተባለች። የፈረንጁ ባይመጣ ያበሻው ስም አይኖርም ነበር። ዛሬ በበዓል ዋዜማ ያ ቅጽል ገንዘብ ነው፤ ያበሻው ዶሮ ከፈረንጁ ይወደዳል።

የፈረንጅ ተብለው በአንድ የተጠቀለሉት ዶሮዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ፋዮሚ ስሟን ያገኘችው ከግብፁ ከፋዩም አውራጃ ነው። ሌግሆርን እንግሊዞች የጣልያኑን ሊቮርኖ ወደብ የሚጠሩበት ስም ነው፤ ዶሮዋ ከዚያ ወደብ ተጭና ወደ አሜሪካ ሄደች፣ የወደቡም ስም ተከተላት። ሮድ አይላንድ ሬድ የአሜሪካ ግዛት ስም ይዛለች። ኮኮክ የምትባለው በደቡብ አፍሪካ ፖቸፍስትሩም ከተማ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተዳቀለች ናት፤ ኮኮክ በአፍሪካንስ የኩኩ ወፍ ማለት ሲሆን የተሰጣት ላባዋ እንደዚያ ወፍ ደረት በመስመር የተጠለፈ ስለሆነ ነው። ይህቺኛዋ እንደ እኛ ገብስማና ዥግርማ በመልኳ የተጠራች ናት፤ እኛ ጋ ስትደርስ ግን ቃሉን ሳንፈታው ተቀበልነው።

በዚህ ነገር ማሽላ ከዶሮ የተሻለ ዕድል ገጥሞታል። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ቡድን ሲገኝ መለያው ፊደልና ቁጥር ነበር፤ እዚህ ሲለቀቅ ግን አንዱ «ጎብዬ» ተባለ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ከተማ ስም። ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ሲሪንቃ ላይ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም ካወጣቸው የማሽላ ዝርያዎች አንዱን «ግራና-1» ብሎታል፤ ግራና የሀብሩ ሸለቆ ነው። ዘሩ ከየትም ይምጣ፣ የሚዘራበት መሬት ስም ተሰጠው። ለዶሮ እንዲህ ያለ ክርስትና የተነሳለት የለም። ከኮምቦልቻው የዶሮ ብዜት ማዕከል ወደ ወሎ ገበሬ የወረዱት ፋዮሚና ሮድ አይላንድ ከነስማቸው ወረዱ።

የሰሜን ወሎ ካርታ ግን ዶሮን አልረሳትም። በወልድያ አቅራቢያ በጉባ ላፍቶ ወረዳ ዶሮ ግብር የምትባል ከተማ አለች። ግብር በአማርኛ ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው፤ ለባለሥልጣን የሚገባው ግብር አለ፣ ባለሥልጣኑ የሚያበላው ግብርም አለ። ሁለቱም ከግዕዙ «ገብረ»፣ ሠራ፣ ከሚለው ይወለዳሉ፤ ገበሬና ግብርናም የዚያው ልጆች ናቸው። በቀድሞው ሥርዓት ጭሰኛው በበዓል ለባለርስቱ ዶሮና እንቁላል ማቅረቡ የታወቀ ነውና ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ የያዘው ስም ያን ዘመን ያሳስባል። ግብር የከፈለው ገበሬና ግብር የበላው እንግዳ በአንድ ቃል ይጠሩ ነበር፤ ከሁለቱም መሐል ዶሮዋ ነበረች።

እርባታ የሚለው ቃልም ሊታለፍ አይገባውም። «ረባ» አማርኛ ውስጥ ጠቀመም በዛም ማለት ነው፤ «የማይረባ» ስንል ጥቅሙን፣ «ከብቱ ረባ» ስንል ብዛቱን እናነሳለን። ጥቅም የሚለው ፍቺ ከግዕዙ «ረብሐ»፣ አተረፈ፣ ይመጣል፤ እዚህም የጉሮሮዋ ሐ ተውጣለች። የሰዋስው መምህራን ደግሞ አንድን ግስ በአካልና በጊዜ እያበዙ ማውጣትን እርባታ ይሉታል። ግስም እንደ ዶሮ ይረባል።

አሁን ወደ ማደሪያው እንግባ፤ ተርኪን በቤት ማርባት የሚያስብ ሰው ጥያቄው የሚጀምረው እዚህ ነውና። አማርኛ ለከብት በረት፣ ለፈረስ ጋጥ፣ ለበግ ጎረኖ፣ ለንብ ቀፎ አለው። ለዶሮ ያለው ቃል ቆጥ ነው። ቆጥ ግን የተለየ ቤት አይደለም፤ በሰው ቤት ውስጥ ከፍ ብሎ በእንጨት የተረበረበ፣ ዕቃ የሚቀመጥበት፣ ማታ ዶሮዎች የሚወጡበት ቦታ ነው። ሌሎቹ እንስሳት የየራሳቸው ደጃፍ ሲኖራቸው ዶሮ ግን ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ታድራለች። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት ከዚህ ቤት የወጣ ነው፤ ሁለቱም ቦታዎች፣ ቆጡም ብብቱም፣ የቤት እመቤቲቱ ናቸው። ይህ አኗኗር ምክንያት አለው። ሸለመጥማጥ ሌሊት ይመጣል፣ ጭልፊት ቀን ያንዣብባል፤ ከሰው አጠገብ ያደረች ዶሮ ትተርፋለች። የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ግን የዶሮና የሰው ማደሪያ እንዲለይ ይመክራሉ፤ የኩሱ ብናኝና ተባዩ ለልጆች ሳንባ መልካም አይደለም፣ ምክራቸውም ትክክል ነው።

ተርኪ ለቆጥ አልተፈጠረም። ያበሻ ሴት ዶሮ ከ1 ኪሎ ተኩል እምብዛም አታልፍም፤ የተርኪ አውራ እንደ ዝርያው 10 ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል። ከፍ ካለ ቦታ ሲዘል እግሩን ይጎዳል፤ ስለዚህ ማደሪያ እንጨቱ ወፍራም፣ ከመሬት ብዙም ያልራቀ፣ በእግሩ ጨብጦ የሚረጋበት መሆን አለበት። ለአንድ ወፍ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ካሬ ወለል ያስፈልገዋል፣ የሚንሸራሸርበት አጥር ግቢ ካለው ደግሞ ይበልጥ ይመቸዋል። የቤቱ ጎን በሽቦ ተከፍቶ አየር የሚገባው፣ ወለሉ ጭድ ወይም ሰጋቱራ የተነጠፈበት፣ ደረቅ ቤት። ከወልድያ ዝቅ ብላ በምትገኘው ሞቃቷ መርሳ ዋናው ጭንቀት ጥላና አየር ነው፤ ወደ ወልድያ ሲወጣ የሌሊቱ ብርድ ይታሰባል፣ በተለይ ለጫጩት።

ከዚህ በላይ ግን አንድ ምክር አለ፤ ተርኪንና ዶሮን አንድ ላይ አታሳድሩ። በዶሮ አንጀት የሚኖር ትንሽ ትል አለ፤ እንቁላሉ ውስጥ ሂስቶሞናስ የተባለች ጥገኛ ተሕዋስ ይዞ በኩሱ ይወጣና አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ዶሮዋ ብዙም ሳትታመም ትሸከመዋለች፤ ተርኪው ግን ጉበቱ ተበልቶ ይሞታል። ዶሮ ለዘመናት ስትጭርበት የኖረ ግቢ ውስጥ ተርኪ መልቀቅ በዚህ ምክንያት አደገኛ ነው። እንደ እኔ ሐሳብ በሰሜን ወሎ ተርኪ ማርባት የሚያስብ ሰው ወፉን ከመግዛቱ በፊት ዶሮ ያልረገጠው መሬት ይፈልግ። ችግሩ ደግሞ የተርኪ ጫጩት ሲወለድ መብላትና መጠጣት ቶሎ አይገባውም፤ አርቢዎች ጥራጥሬ የሚለቅም የዶሮ ጫጩት አጠገቡ አድርገው እንዲያስተምረው ያደርጉ ነበር። አስተማሪው በሽታውን ይዞ እንዳይመጣ ከንጹሕ ቦታ የተፈለፈለ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ሰው ራሱ ምንቃሩን ውሃ ውስጥ እየነከረ ያስተምረው። የመጀመሪያ ሳምንታት መኖው ላይ 28 ከመቶ የሚሆን ገንቢ ምግብ ይፈልጋል፤ በእኛ አገር ይህ ማለት ከበቆሎው ጋር የኑግ ፋጉሎ፣ አኩሪ አተር፣ ቢገኝም ምስጥ ማለት ነው።

ተፈለፈለ አልኩ። በዚህ ቃል ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የሰሜን ወሎ ሰው ሆኖ ይህን ግስ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል። ዶሮ ጫጩት ትፈለፍላለች። ገበሬ በቆሎ ይፈለፍላል። የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈለፈሉ። በአፈር ውስጥ የሚቆፍረው ፍልፈል የሚባለው እንስሳም ስሙ ከዚሁ ነው። አራቱን የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ነው፤ ከላይ ያለውን ማንሳት፣ ውስጥ ያለውን ማውጣት። ድንጋይ በድንጋይ ላይ የደረደረ ሰው ሠራ፣ ገነባ እንጂ ፈለፈለ አይባልም። ግሱ የሚነገረው ነገሩ አስቀድሞ ውስጥ ላለ ብቻ ነው፤ ፍሬው በበቆሎው ራስ ላይ፣ ጫጩቱ በቅርፊቱ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በአለቱ ውስጥ። ላስታ ላይ መሮ ይዞ ወደ ታች የወረደው ሠራተኛና መርሳ ላይ እንቁላሏን የምትጠብቀው እናት ዶሮ ለሥራቸው አንድ ግስ አላቸው። ዛሬ የኤሌክትሪክ መፈልፈያ ማሽን በየከተማው ሲሸጥ ይህንኑ ስም መያዙ ደስ ያሰኛል፤ ሊይዘው የሚችል ባዕድ ቃል እያለ ያገሩን ወሰደ።

ከመፈልፈሉ በፊት መታቀፉ አለ። «ዶሮዬ ታቀፈች» ሲባል የግዕዙ «ሐቀፈ» ነው ያለው፤ እናት ልጇን ያቀፈችበት ቃል። ሰው ደግሞ ለዶሮዋ እንቁላል ያስታቅፋል። እንግዳው የተርኪ እንቁላልም ለአበሻ እናት ዶሮ ሊታቀፍ ይችላል፤ ትልቅ ስለሆነ የሚታቀፈው ቁጥር ይቀነሳል፣ ጊዜውም ይረዝማል። የዶሮ 21 ቀን ነው፣ የተርኪና የዥግራ ወደ 28 ቀን ይጠጋል። ያበሻ እናት ጥሩ ታቃፊ ናት፤ ሥር ከሰደደች ከለመደችው ጊዜ ሳምንት ጨምራ ብትቆይም ሥራዋን አትተውም፣ ነገር ግን እየወረደች የምትበላበትና የምትጠጣበት በቅርቡ ይሁንላት፤ ጫጩቶቹ እንደወጡም ስለ በሽታው ከእሷ ይለዩ።

የቀረን ፈንግል ነው። የዶሮ አርቢ ሁሉ የሚፈራው ይህ በሽታ በዓለም ላይ ኒውካስል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1926 በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት ላይ ተዘግቦ፣ በዚያው ዓመት በእንግሊዟ ኒውካስል ከተማ ታየ፤ ዶይል የተባለ የእንስሳት ሐኪም በ1927 ስለ እንግሊዙ ሲጽፍ የከተማዋን ስም ሰጠው፣ ጃቫም ተረሳች። እንደ ተርኪ ሁሉ እዚህም ስሙ የሚናገረው ያስተዋወቀውን እጅ ነው። የእኛ ገበሬ ግን ከተማ አልጠራም። ፈነገለ ማለት ገለበጠ፣ ጣለ ማለት ነው። ጠዋት የጫረች ዶሮ ማታ በጀርባዋ ተገልብጣ ትገኛለች፤ ያየውን ነው የሰየመው። ከሁለቱ የእኛው ስም የበለጠ ያስተምራል፤ ስሙን የሰማ ሰው ምልክቱን ያውቀዋል፣ አንድ ዶሮ በጀርባዋ ወድቃ ሲያይ ሌሎቹን ለመለየት አይዘገይም።

ተርኪም ፈንግል ይይዘዋል። እንግዲህ ስሙ የእንግሊዝ ይሁን፣ የሶርያው «ሐበሽ» ይሁን፣ ወሎ ገብቶ ከኖረ የሚኖርባቸው ግሶች ያገር ናቸው፤ ይታቀፋል፣ ይፈለፈላል፣ ይረባል፣ ካልተከተበ ይፈነገላል። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ሙቀት የሚቋቋመውን አይ-ቱ የተባለ የፈንግል ክትባት ያመርታል፤ ለቆላው ሀብሩ የሚስማማው እሱ ነው፣ የሚሰጠውም በዓይን በጠብታ ነው። በሽታው የሚጠነክረው ዝናቡ ሊገባ ሲል ስለሆነ ክትባቱ ከሚያዝያ በፊት ቢሰጥ ይመረጣል፤ ለዶሮውም ለተርኪውም በአንድ ቀን፣ ነገር ግን እጅ እየታጠቡ፣ ከተርኪው ጀምሮ ወደ ዶሮው ቤት በመሄድ።